ስለ ኮምፒውተር በድንገት መቆም፤ የድራይቨርና የፈርምዌር ነገር ከየካ እስከ እንጦጦ



ኮምፒውተር በኢትዮጵያ የጽሕፈት ቤት፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ዕቃ ከሆነ ወዲህ አንድ ልማድ ከእርሱ ጋር አብሮ አድጓል። ይኸውም መሣሪያው በሥራ ላይ ሳለ በድንገት ቀጥ ብሎ ሰማያዊ ገጽ ማሳየት ሲጀምር፣ የችግሩ ምንጭ ሳይጠየቅ «ፎርማት ይደረግ» የማለት ልማድ ነው። ይህ ቃል ከመገናኛ የጥገና ሱቆች አንሥቶ እስከ ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ድረስ ይሰማል። ሥራው ፈጣን ነው፤ ባለጉዳዩም ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ተነሥቶ ሲያይ ደስ ይለዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው ሰማያዊ ገጽ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ግን ባለሙያው የሚመረምረው ማስረጃና ባለጉዳዩ የሚፈልገው ሰነድ በአንድነት ጠፍተው ይገኛሉ።

ስለዚህ የዚህ ንግግር ርእስ ጊዜ ያለፈባቸው ድራይቨሮችና ፈርምዌሮች የሚያስከትሉት የኮምፒውተር መቆም ሲሆን፣ የሚያተኩረውም በሦስት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው ብልሽቱ እንዴት እንደሚደርስ፣ ሁለተኛው ከሌላ ብልሽት እንዴት እንደሚለይ፣ ሦስተኛው ደግሞ እርማቱ ሌላ ጉዳት ሳያስከትል እንዴት እንደሚፈጸም ነው።

በመሠረቱ ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ማለት ነው። ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ የእያንዳንዱን ፋብሪካ የኔትዎርክ ካርድ፣ የስክሪን ካርድ ወይም የድምፅ ካርድ ጠባይ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ስለሆነም የዕቃው ሠሪ በሥርዓቱና በዕቃው መካከል ቆሞ የአንዱን ትእዛዝ ለሌላው የሚያስረዳ ፕሮግራም ያዘጋጃል። ከእነዚህ አስተርጓሚዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ከርነል በሚባለው የሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ነው። አንድ ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት ሥርዓቱ እርሱን ብቻ ዘግቶ ሥራውን ይቀጥላል። በእምብርቱ ውስጥ ያለ ድራይቨር የማይገባውን የሜሞሪ ስፍራ ከነካ ግን ሥርዓቱ በራሱ ላይ ያለው እምነት ይፈርሳል። የተበላሸ ነገር በዲስኩ ላይ እንዳይጻፍ ሲል በገዛ ፈቃዱ ይቆማል። ያ የሚጠላው ሰማያዊ ገጽ እንግዲህ የመከላከያ እርምጃ ነው፤ በላዩ የሚታየው ቁጥርም ምስክርነት ነው።

የድራይቨር ድርሻ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመገመት አንድ የታወቀ አኃዝ አለ። ዊንዶውስ ቪስታ በወጣበት እ.ኤ.አ. በ2007 ማይክሮሶፍት የሰበሰበውና በኋላ በአንድ የፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት ይፋ የሆነ ሰነድ እንዳሳየው፣ ከተመዘገቡት የሥርዓት መቆሞች 28.8 በመቶው በኤንቪዲያ ድራይቨሮች ምክንያት የደረሱ ነበሩ። የሥርዓቱ አሠራር ተለውጦ ሳለ አስተርጓሚው ከአዲሱ አሠራር ጋር ገና አልተላመደም ነበር። ከዚህም «ጊዜ ያለፈበት ድራይቨር» የሚለው አነጋገር ትክክለኛ ትርጉሙን ያገኛል። ድራይቨር እንደ እህል በዕድሜ ብቻ አይነቅዝም። ለ10 ዓመት ያልተነካ ድራይቨር በዙሪያው ያለው ሥርዓት እስካልተለወጠ ድረስ በሰላም ሊሠራ ይችላል። ብልሽቱ የሚመጣው አንዱ ወገን ሲራመድ ሌላው ባለበት ሲቀር ነው።

አዲስ መሆን ብቻውን መድኅን እንዳልሆነም ዓለም በሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. አይታለች። በዚያን ዕለት ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ኩባንያ በእምብርቱ ውስጥ ለሚሠራው ድራይቨሩ የላከው አንድ የመረጃ ፋይል ስሕተት ስለነበረበት፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ቆሙ። የአውሮፕላን በረራዎች ተሰረዙ፤ የሆስፒታሎችና የባንኮች ሥራ ተስተጓጎለ። የስሕተቱ ፋይል በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢነሣም፣ የቆሙት ኮምፒውተሮች ራሳቸው መነሣት ስለማይችሉ ብዙዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ማስተካከል ግድ ሆነ። እንግዲህ «ሁሉንም አድስ» የሚለው ምክር «ሁሉንም ፎርማት አድርግ» ከሚለው ብዙ የተሻለ አይደለም። ሁለቱም ከምርመራ በፊት የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው።

ወደ ፈርምዌር ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ የተሰወረ ነው። ፈርምዌር በዕቃው ውስጥ፣ በራሱ በቺፑ ላይ ተጽፎ የሚኖር ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ባዮስ አንዱ ሲሆን፣ ዲስኩም፣ የኔትዎርክ ካርዱም፣ የሰርቨሩ ማራገቢያ መቆጣጠሪያም የየራሳቸው አላቸው። ዲስክ በፎርማት ቢጠረግ፣ ዊንዶውስ 10 ጊዜ ቢጫን፣ ፈርምዌሩ እንደነበረ ይኖራል። ስለዚህ በፈርምዌር ምክንያት የሚቆምን ኮምፒውተር ፎርማት ማድረግ የግድግዳውን ቀለም በመቀየር የመሠረቱን ስንጥቅ ለመጠገን እንደ መሞከር ይቆጠራል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ለደንበኞቹ ያወጣው ማስጠንቀቂያ ነው። አንዳንድ የኩባንያው ኤስኤስዲ ዲስኮች ፈርምዌራቸው ካልታደሰ 32768 ሰዓት፣ ማለትም 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት፣ እንደሠሩ ይሞታሉ፤ በውስጣቸው ያለውም መረጃ ሊመለስ አይችልም። ቁጥሩ 2 በራሱ 15 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኝ ስለሆነ ለባለሙያ ጆሮ የሰዓት ቆጣሪ ሞልቶ መፍሰስን ያመለክታል። አስደንጋጩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በአንድ ሰርቨር ውስጥ በአንድ ቀን ሥራ የጀመሩ ዲስኮች በአንድ ጊዜ አካባቢ ስለሚሞቱ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይተካዋል ተብሎ የተደራጀው ሬድ ሊያድናቸው አይችልም። ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ፈርምዌሩን ያደሰ መሥሪያ ቤት ምንም አልሆነም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

አሁን ነገሩን ወደ ስፍራው እናምጣው። የየካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛና ከሾላ ተነሥቶ ወደ ኮተቤ ሲዘልቅ፣ በሰሜኑ በኩል መሬቱ ወደ እንጦጦ ተራሮች ያርጋል። ዝቅ ባሉት ሰፈሮች ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የእንጦጦ የጠፈር ምርምር ማእከል የቆመበት ቦታ ደግሞ 3200 ሜትር ያህል ነው። በዚያ ማእከል እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት የመሬት መቆጣጠሪያ ጣቢያም የተቋቋመው በዚያው ነው።

ከፍታ ለኮምፒውተር ባለሙያ ተራ ነገር አይደለም። በ2400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ፣ በ3200 ሜትር ላይ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ቀጭን አየር ሙቀትን እንደ ወፍራም አየር አያነሣም፤ ስለዚህ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያቀዘቅዘው ያነሰ ነው። በሰርቨር ክፍሎች አሠራር የተለመደው መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት ጣሪያ በ1 ዲግሪ እንዲቀነስ ያዛል። በዚህ ስሌት በፋብሪካው ወረቀት ላይ 35 ዲግሪ ይችላል የተባለ ሰርቨር በየካ የሚችለው 30 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ዙሪያ ለሚሽከረከሩ ዲስኮችም ብዙ ሠሪዎች የሚሰጡት የከፍታ ወሰን 3048 ሜትር ነው፤ የዲስኩ አንባቢ ራስ የሚንሳፈፈው በናኖሜትር በሚለካ የአየር ንጣፍ ላይ ነውና አየሩ ሲሳሳ ራሱ ወደ ዲስኩ ይጠጋል። እንጦጦ ላይ ያለው የማእከሉ ቦታ ከዚህ ወሰን በላይ ነው። ኤስኤስዲ ግን እንዲህ ያለ ተንሳፋፊ ራስ ስለሌለው በዚያ ከፍታ ተመራጭ ነው።

ይህ ሁሉ ከድራይቨርና ከፈርምዌር ጋር ምን ያገናኘዋል ቢባል፣ መልሱ ቀላል ነው። በሙቀት የሚቆም ኮምፒውተርና በድራይቨር የሚቆም ኮምፒውተር ለተመልካች አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም ቀጥ ይላሉ፤ ሁለቱም ሰማያዊ ገጽ ሊያሳዩ ይችላሉ። በተጨማሪም ማራገቢያው በምን ያህል ሙቀት በምን ያህል ፍጥነት ይዙር የሚለውን የሚወስነው ፈርምዌር ነው። ስለዚህ በከፍታ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ድራይቨርን ከመክሰሱ በፊት አቧራውን ማየት፣ ማራገቢያውን ማዳመጥና የሙቀቱን መጠን ማንበብ ይገባዋል።

ለማስረዳት ያህል በኮተቤ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት እንበል። ምሳሌው የታሰበ ቢሆንም በውስጡ ያለው ነገር ለየትኛውም የጥገና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ኮምፒውተራቸው አገልግሎ ከውጭ የመጣ ሲሆን፣ ሲገዛ ዊንዶውስ 7 ነበረበት፤ ኋላ ዊንዶውስ 10 ተጫነበት። የሴሚስተሩ ማርክ ወደ ትምህርት ቤቱ ሰርቨር ሲላክ ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል። የተጠራው ወጣት ባለሙያ «እትዬ፣ አይስጉ፤ ፎርማት ሲደረግ ይስተካከላል» ይላቸዋል። «ልጄ፣ ማርኩስ?» ብለው ሲጠይቁት፣ በዲ ክፍል ያለው ሁሉ እንደማይነካ ያረጋግጥላቸዋል። ማርኩ ግን የተቀመጠው በዴስክቶፕ ላይ ነበር፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ያለው በሚጠፋው ክፍል ውስጥ ነው።

ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ፣ ድራይቨሮቹም ወጣቱ ለዓመታት በፍላሽ ይዞት ከሚዞረው ጥቅል ውስጥ ተጫኑ። በሦስተኛው ቀን ሰማያዊው ገጽ ተመለሰ። ሁለተኛ የተጠራው ባለሙያ ከመንካቱ በፊት «እትዬ፣ የሚቆመው ምን ሲሠሩ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ማርክ ስልክ» አሉት። ያንኑ ሥራ ደግመው ሲሠሩ በገጹ ላይ የታየውን ቁጥርና የፋይል ስም ጻፈ። ሦስት ጊዜ ቢሞከር ሦስቱንም ጊዜ ቁጥሩ ዲ1፣ ፋይሉም የኔትዎርክ ካርዱ ድራይቨር ሆነ። የኔትዎርኩ ገመድ ተነቅሎ ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ አልቆመም። የድራይቨሩ ቀን ሲታይ እ.ኤ.አ. 2009፣ ለዊንዶውስ 7 የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ከካርዱ ሠሪ የተገኘው የዊንዶውስ 10 ድራይቨር ተተካ፤ ያው ማርክ የመላክ ሥራ ለአንድ ሳምንት ተደጋገመ፤ ኮምፒውተሩም ጸና። መምህራኑ ግን የጠፋውን ማርክ ከወረቀት ማርክ ሊስት እንደገና ለመገልበጥ ተገደዱ። የመጀመሪያው ጥገና ያስከተለው ጉዳት ከብልሽቱ በለጠ።

ከዚህ ምሳሌ የሚወጣው የአመራመር ሥርዓት እንደሚከተለው ሊጠቃለል ይችላል።

በመጀመሪያ ሰነድ ይድናል። ኮምፒውተሩ የሚነሣ ከሆነ የባለጉዳዩ ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣሉ፤ የማይነሣ ከሆነ ዲስኩ ወጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ይነበባል። ይህ ሳይፈጸም ሌላ እርምጃ አይወሰድም።

በሁለተኛ ደረጃ ምስክርነቱ ይሰበሰባል። ዊንዶውስ ከቆመ በኋላ ራሱን መልሶ እንዳያስነሣ ቅንብሩ ይለወጥና ቁጥሩ ይነበባል። ሥርዓቱ ሲቆም ሚኒደምፕ በተባለ ፎልደር ውስጥ የሚተወው አነስተኛ ፋይልና በኢቬንት ቪወር ውስጥ ያለው መዝገብ ይታያሉ። ቁጥር 116 ወደ ስክሪን ካርዱ ድራይቨር፣ ቁጥር 9ኤፍ ኮምፒውተሩ ሲተኛና ሲነቃ ወደሚያጠፋ ድራይቨር፣ ቁጥር 124 ደግሞ ወደ ዕቃው ራሱ፣ ማለትም ወደ ፕሮሰሰር፣ ወደ ኃይል ወይም ወደ ሙቀት ይጠቁማል።

በሦስተኛ ደረጃ ምስክሮቹ ይነጻጸራሉ። ቁጥሩና ፋይሉ በየጊዜው አንድ ከሆኑ፣ መቆሙም በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ብቻ የሚደርስ ከሆነ፣ ድራይቨር ይጠረጠራል። ቁጥሩም ፋይሉም በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ግን አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አሥር ድራይቨሮችን ሊከስ አይገባም፤ ሜሞሪው፣ የኃይል ሳጥኑ፣ የመስመሩ ቮልቴጅና ሙቀቱ አስቀድመው ይመርመሩ። የገጹ ላይ ፋይል ስም ሁልጊዜ ጥፋተኛውን አያሳይም፤ አንዳንድ ጊዜ የተጎዳውን ነው የሚያሳየው።

በአራተኛ ደረጃ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። አምስት ድራይቨር በአንድ ቀን የቀየረ ባለሙያ ኮምፒውተሩ ቢድን የትኛው እንዳዳነው፣ ቢከፋም የትኛው እንዳከፋው አያውቅም። አሮጌው ድራይቨር ስሙና ቁጥሩ ተጽፎ ይቀመጣል፤ አዲሱ ካልተስማማ በሴፍ ሞድ ተነሥቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ድራይቨሩም የሚገኘው ከዕቃው ሠሪ ወይም ከኮምፒውተሩ ሠሪ ብቻ ነው፤ ምንጩ ከማይታወቅ ጥቅል የተጫነ ድራይቨር ሳይሳሳትም ቢሆን አይታመንም።

በመጨረሻም የተለወጠው ነገር ችግሩን ባመጣው በዚያው ሥራ ይፈተናል። «አሁን ተነሥቷል» ማለት «ድኗል» ማለት አይደለም።

ፈርምዌርን በሚመለከት ጥንቃቄው ይጠብቃል። ድራይቨር ቢበላሽ መመለስ ይቻላል፤ ባዮስ በሚጻፍበት ደቂቃ መብራት ቢጠፋ ግን ማዘርቦርዱ ከነጭራሹ ላይነሣ ይችላል። መብራት በድንገት በሚቋረጥባቸው ሰፈሮች ይህ በሐሳብ ያለ አደጋ ብቻ አይደለም። ስለሆነም የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ባዮስ ባትሪው በተፈተነ ዩፒኤስ ላይ ሳይሆን አይታደስም፤ ላፕቶፕም ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩ ተሰክቶ መሆን አለበት። ከአዲሱ ፈርምዌር ጋር የሚመጣው መግለጫ አስቀድሞ ይነበባል። መግለጫው ስለተያዘው ችግርም ሆነ ስለ መረጃ ጥበቃ ምንም የማይል ከሆነ መቸኮል አያስፈልግም። የሞዴሉ ቁጥር ከነክለሳው ሁለት ጊዜ ይረጋገጣል፤ የአንዱ ቦርድ ፈርምዌር ለሌላው መርዝ ነውና።

በምሕዋር ላይ ያለ ሳተላይት የሚያስተምረው ነገርም አለ። ሳተላይትን በእጅ መንካት፣ ገመዷን መንቀልም ሆነ ቁልፍ ተጭኖ ማስነሣት አይቻልም፤ ፕሮግራሟ የሚታደሰው በሬዲዮ ብቻ ነው። በዚህም የተነሣ የጠፈር መሐንዲሶች አዲስ ፕሮግራም ከመላካቸው በፊት በመሬት ላይ በአምሳያው ይፈትኑታል፤ አዲሱ ቢከሽፍ ሥርዓቱ የሚመለስበት የቀድሞ ቅጅም አብሮ እንዲኖር ያደርጋሉ። ከእንጦጦ በታች፣ በየካ መዝገብ ቤት ውስጥ ላለ ኮምፒውተርም ይኸው ዲሲፕሊን ቢደረግለት የሚበዛበት አይደለም። በውስጡ ያለው የአንድ ሰፈር ልጆች የትምህርት ውጤት ነውና።

ጉዳዩ ከእንግዲህ እየከበደ እንጂ እየቀለለ አይሄድም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ተጨማሪው ጊዜም ውሱንና በልዩ ምዝገባ የሚገኝ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የጥበቃ ክፍልና በአንጻራዊነት አዲስ የሆነ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ አገልግለው ወደ አገር ከገቡት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ መሥፈርቱን አያሟሉም። ዕቃ ሠሪዎችም ለአሮጌ ሞዴል አዲስ ድራይቨር መሥራት ያቆማሉ። በዚህ ጊዜ ባለሙያው ለባለጉዳዩ እውነቱን የመንገር ግዴታ አለበት። በግድ የተጫነ ሥርዓትና የማይስማማ ድራይቨር ይዞ ከመቀጠል ይልቅ፣ ለአንዱ ኮምፒውተር ሊኑክስ፣ ለሌላው ከኢንተርኔት ተለይቶ መሥራት፣ ለሦስተኛው ደግሞ መተካት ይሻል ይሆናል። ውሳኔው የባለንብረቱ ነው፤ የባለሙያው ድርሻ አማራጩንና አደጋውን ሳይሸፍን ማቅረብ ነው።

ማኅበሩም በኩሉ ሊሠራቸው የሚችሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው አባላት ከሠሪዎች ዘንድ በትክክል ያወረዷቸውንና የፈተኗቸውን ድራይቨሮችና ፈርምዌሮች ከነሞዴላቸውና ከነቀናቸው የሚያኖሩበት የጋራ ግምጃ ቤት ነው። እንዲህ ከሆነ አንድ ፋይል በመቶ ቦታ ለማውረድ የሚባክነው ጊዜና ገንዘብ ይተርፋል፤ ምንጩ ያልታወቀው ፍላሽም ቀስ በቀስ ከኪስ ይወጣል። ሁለተኛው አንድ ገጽ ብቻ ያለው የጥገና ካርድ ነው። በካርዱ ላይ የቆመበት ሥራ፣ የታየው ቁጥር፣ የተለወጠው ነገር፣ የነበረውና የተተካው ክለሳ፣ የተፈተነበት መንገድ ይጻፋል። ካርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር ይኖራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያም ከዜሮ አይጀምርም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ፎርማት የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በሽታውን ይደብቃል። በኮተቤ ያሉት የመዝገብ ቤት ኃላፊ «ልጄ፣ ማርኩስ?» ብለው የጠየቁት ጥያቄ በየትኛውም ሰማያዊ ገጽ ፊት መጀመሪያ ሊመለስ የሚገባው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ቁጥሩ ይነበብ፤ ከዚያ ቀጥሎ ድራይቨሩ ይመርመር።